ሣር የለበሰው ቆርቆሮ

ልጅ እያለሁ ቡሬ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ አባቴ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ የዚያን ጊዜ ልጆች የሆናችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ጣሪያችን ከገበያው ማዶ ድረስ ያበራ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ጠጠር እየወረወሩ ሲያስጮኹት እናቴ በዱላ ታባርራቸዋለች። እኔ ደግሞ እሷ ዞር ስትል ማን እንደሚወረውርና ማን እንደማይወረውር እወስናለሁ። ጉራዬ አይጣል ነበር፣ አልዋሽም።

አባዬ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ጓዳችን በጆንያ ስለሚሞላ እንግዳ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ያስነጥሰዋል። ዛሬም ዛላ በርበሬ የተሰጣበት ደጃፍ ሳልፍ ቆም ብዬ አየሩን እስባለሁ፤ የአባዬ የጋቢው ሽታ ነዋ። ንግዱን የጀመረው በአንድ አህያ ነው። አባቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ያሳደጉት እናቱ ብቻቸውን ናቸው፣ የሰው እህል እየፈጩ፣ የሰው ጥጥ እየፈተሉ። ቆርቆሮ ቤቱንም የሠራው ለእሳቸው ነው። እናቴን አምጥቼ እንደ እመቤት ካላስቀመጥኳቸው ይሄ ሁሉ ሀብት ምን ይሠራልኛል እያለ ነበር ያሠራው።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላቸው። ከቡሬ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር፣ በሣር ጎጆ ይኖሩ ነበር። ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ጆሯቸው ግን ለጉድ ነው። በጥር ወር በበቅሎ መጥተው ደጃፉ ላይ መደብ ተሠራላቸውና ቀኑን ሙሉ ሰው በኮቴው ሲለዩ ይውላሉ። አላፊ አግዳሚውን በስሙ እየጠሩ፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ልጁ ተሻለው ወይ እያሉ ሁለት ወር ሳይሞላ ቡሬን ከእናቴ ይልቅ አወቋት። አንድ ቀን ያ ደብተራ ዛሬ ምን ነክቶት ነው የሚያነክሰው አሉ፤ ብንጠይቅ እውነትም ሌሊት ለማኅሌት ሲሄድ ድንጋይ መትቶታል። እኛ ልጆች በእግር ጣታችን እየተራመድን ልናታልላቸው እንሞክራለን። እሳቸው ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ አንቺ ቀበጥ፣ እርጎውን ተዪው ይሉኛል። አባዬ ማታ ሲገባ ይህን እያየ ሲስቅ ጥርሱ አይከደንም ነበር።

ከዚያ ክረምት ገባ። የቡሬን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። የመጀመሪያው ቀን በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆነ። እምዬ ጣሪያው ሊናድ መስሏቸው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ይጮኻሉ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታየናል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። እኛ ሞኞቹ ሳቅን።

ዝናቡ በየቀኑ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ይወርዳል። እምዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ጥጋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ማን አለ? ይላሉ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለን። አለን ብንልም አይሰሙንም። እጃቸውን ዘርግተው እየዳበሱን ቁጥራችንን ያረጋግጣሉ። እያደር መጠየቁንም ተዉት። እህል ከአፋቸው ቀረ። አባዬ ተጨነቀ። ማር ከነሰፈፉ አመጣ፣ አዲስ ጋቢ አሠራ፣ የከተማ ፍራሽ ገዛ። በመጨረሻ ሬዲዮ አስመጣ። ሬዲዮ! የአጠገቡን ሰው መስማት ላልቻለ ሰው። እምዬ ሁሉንም እየዳበሱ ይመርቁታል፣ ይከሳሉም።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር ጠሩትና አጠገባቸው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ዐይኔ የጠፋ ጊዜ አላለቀስኩም፤ ጆሮዬ ነበረኛ። እዚህ ቤት ግን ሁለተኛ ታወርኩ። ጎጆዬ መልሰኝ።"

አባዬ ፊቱ ጠቆረ። በሰውየው አልፈርድም። ያን ቤት ያቆመው በላቡ ነው። ደግሞስ የበርበሬ ነጋዴው ሀብት ሲያገኝ እናቱን ጎጆ ወርውሮ በቆርቆሮ ይንደላቀቃል ቢባልስ? እዚያ ማን ውኃ ያቀብልዎታል፣ ክረምቱ ይውጣ፣ እንነጋገርበታለን ብሎ ተነሣ። እናቴ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ክረምቱ ሳይወጣ የእምዬ ነፍስ እንደምትወጣ ገብቷታል።

በፍልሰታ ጾም የንስሐ አባታችን ሊጠይቋቸው መጡ። ሁላችንም ቆመን ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ ዝናቡም አብሮ ጀመረ። የቄሱን ከንፈር እያየን ጨረስን፤ አሜን ብለን ተቀመጥን። እምዬ ግን ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ቡራኬው ማለቁን የነገራቸው የለም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው እያለ እሳቸው ብቻቸውን ቆመዋል። አባዬ አያቸው። ከዚያ ሄዶ ትከሻቸውን አቅፎ አስቀመጣቸው። ያን ማታ እራቱን አልበላም።

በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ፣ ብሩን በወገቡ ታጥቆ ወደ እምዬ አገር ወረደ። ቆርቆሮውን በሣር ሊከድነው ነው! ለክዳን የሚሆን ሣር የሚታጨደው በኅዳር መሆኑን በንግድ ብዛት ረስቶታል መሰለኝ። በነሐሴ ደረቅ ሣር የሚገኘው የሰው ጣሪያ ላይ ነው። ቢበዛ ጎጆ ሲያፈስ መድፈኛ ተብሎ ቆጥ ላይ የተቀመጠ አንዳንድ እስር ይገኝ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ማን ይሸጣል? አባዬ የጤፍ ዋጋ ሰጠ፣ የበግ ዋጋ ሰጠ። ሰዎቹ ይስቃሉ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። በኋላ በልጅነቱ አብረውት ከብት ያገዱ የእምዬ ጎረቤት፣ አያ ካሴ የሚባሉ፣ ለብቻው ጠሩት።

"ሣር እዚህ አገር ተሽጦ አያውቅም። ብርህን ክተትና በየደጁ እየዞርክ፣ ለእናቴ ነው በል።"

አባዬ ከማንም ምንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ኩራቱ ያ ነው። ያን ቀን ግን በጭቃ እየተንቦጫረቀ ከደጅ ደጅ ዞረ፣ ለእናቴ ነው እያለ። አንዱ አንድ እስር፣ ሌላው ግማሽ፣ የሌለው የጤፍ ጭድ ሰጠው። ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ሰዎቹ ራሳቸው ተሸክመው መጡ። ጠላ ተጠመቀ፣ ደቦ ሆነ። ሣሩ በቆርቆሮው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራቸው፤ እንጨት አጋድመው በገመድ ጠፍረው አሰሩት። ቡሬ በሙሉ ወጥቶ አየን። ባለቆርቆሮው ቤቱን ብርድ መታውና ጋቢ ደረበለት እያለ ከተማው አፌዘ። እናቴ አፍራ ገበያ መውጣት ተወች። እኔም የሚያበራው ጣሪያዬ ሲሸፈን ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። ሁላችንም ወደ ላይ አንጋጠን ጠበቅን። ሽው አለ እንጂ አልጮኸም። እምዬ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። አንዱ ወንድሜ ይጫወታል፣ እሳት ይንጣጣል፣ እናቴ ሽሮ ታማስላለች። አባዬ ሰዎቹን ሸኝቶ ሲመለስ እንዳይረብሻቸው ብሎ ደጃፉ ላይ ቀስ ብሎ ቆመ። ጫማውን እንኳ አውልቋል።

"ግባ እንጂ ልጄ፣ ለምን ዝናብ ላይ ቆምክ?" አሉት።

አባዬ መቃኑን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እምዬ በዚያ ማታ ሽሯቸውን ጨርሰው በሉ፤ ጨው አነሰው ብለውም ተቆጡ።

ዛሬ ቡሬ ቆርቆሮ ያልሆነ ቤት ፈልጎ ማግኘት ነው የሚቸግረው። እኔም አርጅቼ ፍኖተ ሰላም ልጄ ዘንድ እኖራለሁ። ከአባዬ ይልቅ ሀብታም ነው፤ ኮርኒስ ያለው፣ መስታወቱ የሚያበራ ቤት ሠርቷል። እግዜር ይስጠው፣ የጎደለኝ የለም። ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ፣ እማ ምን ልግዛልሽ ይለኛል፣ ቁልፉን በእጁ እያንቃጨለ፣ ተመልሶ ሊወጣ። ምንም አልፈልግም፣ ዝናቡ እስኪያባራ አጠገቤ ቁጭ በል እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይቀመጣል።