ራጅ ላይ የማይታየው ሲሚንቶ

አሰብ ውስጥ ራጅ ማንሳት የምችል እኔ ብቻ በነበርኩባቸው ዓመታት የከተማው አጥንት ሁሉ በእጄ አልፏል። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ሌላ የሚያነሳ ሰው ስላልነበረ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ የለም። ወደቡ አጠገብ በነበረች ክሊኒክ ወለል ለመጥረግ ተቀጠርኩ፤ ራጅ የሚያነሳው ጣሊያን ሲሠራ መጥረጊያዬን ይዤ ከኋላው እቆም ነበር። እሱ የምጠርግ ይመስለዋል። አገሩ ሲመለስ ማሽኑን ማን ያንቀሳቅሰዋል የሚል ጭንቀት ተፈጠረ። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አንቀሳቀስኩት። ከዚያ ወዲያ ወለሉን ሌላ ሰው ጠረገ።

ጣሊያኑ ያላወቀውንም ነገር ጨምሬበታለሁ። በአሰብ ሙቀት የፊልም ማጠቢያው ፈሳሽ ሾርባ ይሆናል፤ ሾርባ ውስጥ የታጠበ ፊልም ደግሞ ጭጋግ ይለብሳል። እሱ ጭጋጉን የባሕሩ ጥፋት ነው ይል ነበር። እኔ ከዓሣ ማከማቻው በረዶ አስመጥቼ የማጠቢያውን ሳህን በበረዶ ከበብኩት፤ ጭጋጉ ጠፋ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሐኪሞች ፊልሞቼን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ሲያዩ ምንም አይሉም። ዝምታቸውን እንደ ምስጋና ተቀብያለሁ።

የጥርስ ሐኪም አልነበረንም። በየጥቂት ወሩ አንድ ሐኪም በአውሮፕላን ይመጣል፤ ለጥቂት ቀናት ሲነቅልና ሲሞላ ይሰነብትና ይሄዳል። በሚቀጥለው የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። የፊተኛው ምን እንደሠራ የኋለኛው አያውቅም። ሁሉንም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግን አይጠይቁኝም።

በዚህ አሠራር የተጎዳው አንድ የወደብ ካቦ ነበር። ካቦ የምንለው የወዛደሮቹን አለቃ ነው። የአሰብ ተወላጅ፣ ሸንቃጣ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያለ ሰው ነው። አማርኛን የተማረው መርከብ ላይ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፤ ማንም አልተቀየመውም። ሥራው በመርከቡ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ለክሬን ነጂው ዓይን መሆን ነው፤ ነጂው ከተቀመጠበት ሆኖ የመርከቡን ሆድ አያይምና። ሌሎቹ ካቦዎች ይጮኹ ነበር፤ ጩኸታቸውን ግን የአሰብ ነፋስ ይወስደዋል። ይህ ሰው በሁለቱ የፊት ጥርሶቹ መካከል ያፏጫል። ወደ ላይ የሚወጣ ፉጨት «አንሳ» ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ «አውርድ»፤ ቁርጥ ያለ «ቁም»። «አንሳ» የተሰማ ጊዜ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ወዛደር ሁሉ ብድግ ብሎ ዞር ይላል፤ ዞር ያላለ ጭነቱ ከራሱ በላይ ይንጠለጠልበታል። ካቦነቱን ያገኘው በዚህ ፉጨት ነው። ፉጨቱ ከጠፋ ተመልሶ ጆንያ ሊሸከም ነው፤ ለመሸከም ደግሞ ዕድሜው አልፏል።

ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ተቦርቡሮ ነበርና አንድ ሐኪም ጥርስ በሚመስል ነጭ ሲሚንቶ ሞላለት። ችግሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያ ሲሚንቶ በዓይን ነጭ ነው፤ ራጅ ፊልም ላይ ግን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የበሰበሰ ጥርስም ፊልም ላይ ጥቁር ነው። ቀጥሎ የመጣው ሐኪም ፊልሙን አይቶ «በስብሷል» አለ፤ ከፈተው፣ ፋቀው፣ በዚያው ዓይነት ሲሚንቶ ሞልቶት ሄደ። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም ፊልሙን አይቶ «በስብሷል» አለ። እንዲህ አንዱ የሌላውን ሲሚንቶ ሲፍቅ ጥርሱ የእንቁላል ቅርፊት ሆነ።

ከዚያ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ሐኪም መጣ። የሱሪው ተኩስ በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ተበላሽቶበት ቅር ብሎታል። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳና፣

«ይህ ጥርስ ይነቀላል» አለ።

ካቦው አፉን ገጠመ። «ዶክተር፣ እሱን ከነቀልክ እኔንም ከወደቡ ነቀልከኝ።»

«ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተካልዎታል።»

«ሰው ሠራሽ ጥርስ ያፏጫል?»

«እሱን አላስተማሩንም» አለ ሐኪሙ።

ሰው ሲሳሳት አይቶ ዝም ማለት አልወድም። «ዶክተር፣ ያ ጥቁር ብስባሽ አይደለም፤ ሲሚንቶ ነው። ከእርስዎ በፊት የመጡት ሁሉ ከፍተውታል» አልኩት።

«ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። ብስባሽም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው» አለ። «ብከፍተውና ብሞላው ከእኔ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይከፍተዋል፤ አንድ ቀን መንጋጋው ውስጥ ይሰበራል። ሳላየው ትቼው አውሮፕላን ብሳፈርና ቢመረቅዝስ? እዚህ ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

«አንተ ምን ታደርገዋለህ?»

«ራጅ አነሳዋለሁ።»

ካቦው ጣልቃ ገባ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አታግዘኝ» አለኝ።

ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ሲሚንቶው ፊልም ላይ ነጭ ሆኖ ቢወጣስ?»

«ነጭ ሆኖ ከወጣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው አይነካውም። ስለዚህ እኔም አልነቅለውም። ግን አይወጣም።»

«እስከሚሄዱበት ቀን ይታገሡኝ» አልኩና ከሲሚንቶው ዱቄትና ከፈሳሹ ጥቂት ተቀብዬው ወጣሁ።

የጨጓራ ራጅ ስናነሳ ታማሚውን ባሪየም የሚባል ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጠን እናጠጣዋለን። ጨጓራ በራጅ አይታይም፤ ባሪየሙን ሲጠጣ ግን እንደ ወተት ነጭ ብሎ ይወጣል። ጨጓራን ያሳየ ዱቄት ጥርስን የማያሳይበት ምክንያት አልታየኝም። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ከክሊኒኩ በር እስከ ራጅ ክፍሉ ስሄድ ነው። መንገዱ አጭር ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ፣ ባሪየሙን ከሲሚንቶው ዱቄት ጋር መቀላቀል ጀመርኩ። መጀመሪያ ሙቀቱ አስቸገረኝ፤ ሲሚንቶው አማስዬ ሳልጨርስ የማማስልበት መስታወት ላይ ደርቆ ይቀራል። መስታወቱን በረዶ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሲሚንቶው እጅ ሰጠ። ሐኪሞቹ ሁሉ ስለዚሁ ነገር ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ በረዶው ግን ከእነሱ ክፍል አጠገብ ነበር።

ቀጥሎ ንጣቱን መለካት ነበረብኝ። ሲሚንቶው ከጥርሱ ነጣ ብሎ መታየት አለበት፤ እንደ ብረት ቦግ ካለ ግን ሐኪም ያሳስታል። ቤት ሄጄ የድስት ክዳን አመጣሁ፤ አሉሚኒየም ነው። በመቀስ ቆራርጬ እንደ ደረጃ ደራረብኩት። ስሱ ላይ ራጁ ያልፋል፣ ወፍራሙ ላይ ይያዛል፤ ስለዚህ ፊልሙ ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ከጎኑ የሲሚንቶዬን ቁራሽና አንድ የተነቀለ ጥርስ አስቀምጬ አብሬ አነሳኋቸው።

ካቦው ሥራ ፈትቶ ከጎኔ ተቀምጧል። የተነቀለውን ጥርስ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይህ የማን ነው?»

«የአንድ ሾፌር።»

«ያፏጭ ነበር?»

«አይመስለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

የመጀመሪያው ቅልቅል ባሪየም አነሰውና ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው በዛበትና ፊልሙ ላይ እንደ ወርቅ ጥርስ አበራ፤ በጥፍሬ ስነካው ግን እንደ ጠመኔ ፈረሰ። ሦስተኛው በመካከላቸው ነበር፤ ከጥርሱ ነጣ አለ፣ ከብረት ደብዘዝ አለ፣ በምስማር ስቧጥጠው ቻለ። የተነቀለውን ጥርስ ቀዳዳ በእሱ ሞልቼ ደግሜ አነሳሁ። ጥርሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል፤ ድንበሩ በብዕር የተሰመረ ይመስላል።

ማታ ባለቤቴ «ክዳኔ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ለሳይንስ ዋለ።»

«እንግዲያው ሳይንስ መጥቶ ወጡን ይክደንልኝ።»

በማግስቱ ሐኪሙ ፊልሙን ከወትሮው ረዘም አድርጎ አየው። ሲሚንቶውን በመውጊያው ሞከረው። «ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«ማንም።»

«እንደዚያ ነው የሚመስለው» አለ። እንደ ምስጋና ተቀበልኩት። ባሪየሙ ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሰው በብርጭቆ ሙሉ እየጠጣው ወደ ቤቱ እንደሚሄድ አስታወስኩት። ቀለሙ ትንሽ ኖራ የተቀባ ይመስላል አለ፤ ካቦው መልክ አልጠየቅሁም አለው።

ሥራው የተሠራው ሐኪሙ በሚሄድበት ቀን ጠዋት ነው። መኪናው አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርሰው በር ላይ ቆሟል። ጥርሱን ከፈተ፣ የድሮውን ሲሚንቶ አወጣ፣ የእኔን ሞላ። ፊልሙን አነሳሁና በበረዶ ውስጥ አጥቤ ውሃው እየተንጠባጠበ ሰጠሁት።

ሲሚንቶው ነጭ ነው። ግን በጎኑ፣ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ክር የምታህል ጥቁር መስመር አለች።

«ይህቺስ?» አለ ሐኪሙ።

«ሲሚንቶ አይደለችም» አልኩ።

«አይደለችም። ይህ እውነተኛ ብስባሽ ነው። በጥቁሩ ውስጥ ተደብቆ ሁላችንም ስንፍቅ አልፈነው ይሆናል።» መንቀያውን አየ፤ ፊልሙን አየ። ውጭ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ካቦው አፉ እንደተከፈተ ስለነበር መናገር አልቻለም፤ የወንበሩን እጀታ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ቁም» ማለቱ እንደሆነ እኔ ገባኝ።

«እንዲህ ከሆነ ትክክል ነበርኩ» አለ ሐኪሙ።

«ትክክል መሆንዎ የታየው በእኔ ሲሚንቶ ነው» አልኩት።

ሾፌሩ ደግሞ ነፋ። ሐኪሙ መንቀያውን ሳህኑ ላይ አኖረው። «ብስባሹ የት እንዳለ ካየሁ ጥርሱን በሙሉ አልነቅልም» አለና ከዚያች ጎን ብቻ ገብቶ ብስባሹን አወጣ፤ እኔ በረዶው ላይ አማሰልኩለት፤ ሞላው። እንደገና አነሳሁ። መስመሯ የለችም። ሐኪሙ የነጭ ካፖርቱን ቁልፍ እየፈታ ወደ መኪናው ሮጠ። አውሮፕላኑ ጠብቆት እንደሆነ አላውቅም፤ ተመልሶ ግን አልመጣም።

ካቦው ሥራ የገባ ዕለት ጭቅጭቅ ተነሳ። አዲሱ ሲሚንቶ ወፈር ብሎ ኖሮ ፉጨቱ ቀጠነ። «አንሳ» ቢል ክሬን ነጂው አያነሳም። «ይቺን ወፍ አባርሩልኝ፣ ካቦውን መስማት አልቻልኩም» አለ አሉ። ካቦው ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ጥርሴን አተረፍክ፣ ድምፄን ወፍ አደረግከው።»

«ቀጭን ድምፅ በነፋስ ውስጥ ርቆ ይሄዳል» አልኩት። እንደዚያ አስቤ አልሠራሁትም፤ ግን እውነት ሆነ። ነጂዎቹ ሲለምዱት ከሩቁ መርከብ ጭምር ይሰሙት ጀመር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ራጅ ላይ የሚታይ የጥርስ ሲሚንቶ በፋብሪካ እንደሚሠራ አንድ ሐኪም ነግሮኛል። አልገረመኝም። በምን ድስት ክዳን እንደለኩት ግን አልነገረኝም።

ዋናው ፈተና ገና ነበር፤ የሚቀጥለው ሐኪም። ከወራት በኋላ መጣ፤ ጠና ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ካቦው ለምርመራ ሲጠራ ከነሥራ ልብሱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለቱን እጀታዎች ጨበጠ። ፊልሙን አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ ሰጠሁ። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ አነሳው። እኔም ካቦውም መስኮቱን አየን።

«ይህ ተሞልቷል» አለ ሐኪሙ። «ደህና ነው። ይነሱ፣ ሌላ ሰው ይግባ።»

ካቦው አልተነሳም። «አልከፈትከውም» አለው።

«ለምን እከፍተዋለሁ? ሲሚንቶው ይታያል፤ ጥቁር የለውም።»

ካቦው ወደ እኔ ዞረ። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፣ ምላሱን ከጥርሶቹ ኋላ አደላደለና እዚያው ክፍሉ መካከል ወደ ላይ የሚወጣውን ፉጨት ለቀቀው።

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ወዛደሮች በሙሉ ብድግ ብለው ወደ ግድግዳው ዞር አሉ።

«ምን ሆኑ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ሲሚንቶው ይሠራል» አልኩት።