የአማካሪው የሐዘን ፊት

ባለፈው ሳምንት ከቤሌ በመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጆንያ ተቀዶ እርጥብ ዝንጅብል ወለሉ ላይ ተበተነ። ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ሲለቅም፣ ሽታው እኔን ይዞ ቲቸር ማርቆስ ዘንድ ሄደ። ለድምፅ ይበጃል እያሉ ጥሬ ዝንጅብል ያኝኩ ነበር። ከልምምድ በፊትም በምላጭ እየቆረጡ ያድሉናል፤ እኛም እንባችን እየወረደ "እናመሰግናለን ቲቸር" እንላለን። ማን ደፍሮ ይተፋል!

ሶዶ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ቲቸር የቤሌ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበርና አንድ የቆየ የእንግሊዝ ቲያትር ወደ አማርኛ መልሰው፣ በካርቦን ወረቀት ገልብጠው ሰጡን። በቲያትሩ ንጉሥ አለ፣ ታማኝ ወንድሙ አለ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ዙፋኑን የሚመኝ አማካሪ አለ። አማካሪው ወንድማማቾቹን አንዱን ለአንዱ እያማ ያጣላል፤ ከዚያ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ተንኮሉን አንድም ሳያስቀር ይነግረዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ንግግር የእሱ ነው። የእሱን ቦታ ቲቸር ለጓደኛዬ ለአስቴር ሰጧት። ለእኔ የደረሰኝ መጋረጃ መሳብ ነበር።

በቅናት አረርኩ። በሦስተኛው ቀን ቲቸር ጋ ሄጄ፣ "አስቴርን አባቷ ቲያትር ከለከሏት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ ነው። ለእርስዎ መናገር አፍራ ነው እንጂ" አልኳቸው። ቲቸር አባት በተናገረበት የሚገቡ ሰው አልነበሩም። "እንግዲያው አናስጨንቃት፤ አንቺ ያዢው" አሉኝ።

ለአስቴር ደግሞ ሌላ ነገርኳት። "ቲቸር የቀየሩሽ አማርኛዋ ወላይትኛ ወላይትኛ ይላል፣ ሰው ይስቅባታል ብለው ነው።" ለእሷ ከዚህ የባሰ ቃል አልነበረም። የቲቸር የራሳቸው አማርኛ ከእሷ የባሰ ወላይትኛ ወላይትኛ ይል ነበር፤ እሷ ግን ይህን እንኳ ሳታስብ አመነችኝ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ተወች።

ልምምድ ስጀምር ቅንድቤን ቋጥሬ፣ ድምፄን አወፍራለሁ። ቲቸር ሳቁብኝ። "ጅብ ነው እንዴ ይሄ? እንዲህ ያለውን ሰው ማን ያምናል? ክፉ ሰው ሲዋሽ እኮ ፊቱ ያዝናል። ላንቺ ብሎ ነው የሚመስለው። ሥልጣን ፈልጎ መሆኑን ለራሱም አይነግርም" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አላስቸገርኳቸውም፤ አስቴርን ስዋሻት የነበረውን ፊት ማምጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "ጎበዝ!" ይሉኛል፤ እኔ አፍራለሁ፤ ነገር ግን ቦታውን አልለቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እኔ ለንጉሡ እጅ ነስቼ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሬ ተንኮሌን ሳንሾካሹክ የፊተኛው ወንበር ላይ የአስቴር አባት አቶ ጳውሎስ ተቀምጠው አየኋቸው። አስቴር ከጎናቸው ነበረች። ጨርሼ ወደ ንጉሡ ከመመለሴ እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ካዎ!" ብለው በወላይትኛ ንጉሡን ጠሩት። "ካዎ፣ እንዳታምን! ይቺ ልጅ ለእኛ ሁሉን ነግራናለች። ወንድምህ ምንም አላጠፋም!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። እሳቸው ባደጉበት አገር ክፉ ሲዶለት ሰምቶ ዝም ያለ ሽማግሌ ከዶለተው ጋር እኩል ነው የሚጠየቀው። ቲቸር በሳቁ ደንግጠው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አሉና ቲያትር ከልክለዋል የተባሉትን አባት ከነልጃቸው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሲያበቃ ቲቸር ጠሩኝ። "ነገ ሁለተኛው ትርኢት አለ። ማን እንደሚሠራው አንቺ ወስኚ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ከአዳራሹ ኋላ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ቆይቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አስቴር ቤት ሄድኩ። ስለ አባቷ የዋሸሁትን መጀመሪያ፣ ስለ አማርኛዋ የዋሸሁትን መጨረሻ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ወረቀቱን ይዘሻል?" አለችኝ።

በማግስቱ በዚያው በራሷ አማርኛ ሠራችው፤ ማንም አልሳቀባትም። አቶ ጳውሎስ የገዛ ልጃቸውን ለንጉሡ ሊያጋልጡ እንደገና ተነሡ እንጂ! እኔ መጋረጃ ሳብኩ።

ቲቸር ማርቆስ ያረፉት አምና ነው። ከለቅሶው ስንመለስ አስቴር፣ "ያን ቅዳሜ ከአንቺ በፊት ቤት መጥተው ነበር" አለችኝ። "'ሳልጠይቅሽ የሰው ወሬ አመንኩ፣ ይቅር በይኝ' አሉኝ፤ መምህር ሆነው! ማን እንደነገራቸው ብጠይቃቸው ለመናገር እምቢ አሉ።"

"እኔ መሆኔን ግን አውቀሽ ነበር?"

"አጣዋለሁ? ደጁን ልቆልፍብሽ ነበር እኮ። ሲወጡ ግን፣ 'ዛሬ እንግዳ ይመጣብሻል፤ በሩን እንዳትዘጊ' አሉኝ።"

አስቴር ዛሬም በአባቷ ግቢ ነው የምትኖረው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከእኔ ቤት በፊት የሚገቡት በእሷ በር ነው።