ቃሬዛ የማያሳልፍ ድልድይ

ወንዳፈራሁ ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ብየዳ፣ እሱ የግንባታ ንድፍና የሙያ ሥነ ምግባር እያስተማርን ዓለም ከተማ በሚገኘው የሙያ ኮሌጅ አንድ ቢሮ ከተጋራን አሥራ ስምንት ዓመት ሆነን። ስንጀምር የቢሮው ወንበሮች ጤነኛ ነበሩ፣ እኛም እንደዚያው። የእሱን ወንበር እስካሁን ሁለት ጊዜ በይጄዋለሁ፤ ሰውየውን ግን በምን ልበይደው።

የደጋው የቀየት ልጅ ነው። ብርድ ያሳደገው ሰው ስለሆነ ነው መሰለኝ ቶሎ አይናገርም፣ ቶሎም አይስቅም። በወጣትነቱ ግን አንድ ግትር ሕግ ነበረው፤ ሠልጣኝ እርሳስ ከማንሳቱ በፊት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሄዶ አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጣል። ማን ያልፋል፣ ምን ተሸክሞ ያልፋል፣ ማን ዞሮ ይሄዳል፣ ይህን ጽፎ ካልመጣ ወረቀቱን አይቀበለውም። የእህል መጋዘን በር ሲያስነድፍ፣ ገበሬ ጆንያ በትከሻው አድርጎ እንዲገባ እያደረገ ነበር ከፍታውን የሚያስለካው። እኔ እስቅበት ነበር። ልጆቹ ግን ተመርቀው ከወጡ በኋላም ያንን ቀን አይረሱትም።

ከዚያ ዓመታቱ ተደራረቡ። አውቶቡስ ይቀራል፣ መንገድ ይበላሻል፣ የሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ዓርብ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ይወረወራል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የአምናዎቹን ንድፍ ለዘንድሮዎቹ ያባዛል፤ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ወንዳፈራሁ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ መከረ፣ በመጨረሻ እያየ እንዳላየ ማለፍ ጀመረ። አልፈርድበትም። እኔም የማያምር ብየዳ አይቼ ቀለም ይሸፍነዋል ያልኩባቸው ቀናት አሉ።

ባለፈው ኅዳር፣ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚርቅ ቀበሌ ደብዳቤ መጣ። ወንዛችን በክረምት ሰው ያግዳልና የእግረኛ ድልድይ ንድፍ አውጡልን የሚል ነው። ሥራው ለወንዳፈራሁ ሠልጣኞች ተሰጠ። ያን ሰሞን ጉልበቱን ክፉኛ ያመው ነበር። ቦታው ድረስ መውረዱን ተወና ከመጽሐፉ የተለመደውን አንድ ሜትር ስፋት ወስደው እንዲነድፉ አዘዛቸው።

ጽናት የምትባለው ሠልጣኝ እጇን አወጣች። የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት።

«መምህር፣ ቃሬዛ በየት ያልፋል?» አለችው።

ጥያቄዋ ግልጽ ነበር። እዚያ መኪና ስለማይገባ ታማሚም አስከሬንም የሚሄደው በቃሬዛ ነው። አራት ሰው፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ፣ ጎን ለጎን ሆነው በትከሻቸው ይሸከሙታል። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ተሸካሚዎች ደግሞ አንድ ሜትር አይበቃቸውም። ቀየትም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚደረገው፤ ወንዳፈራሁ ራሱ ስንቱን ተሸክሟል። ግን ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ሰዓቱም የመጨረሻው።

«ድልድይ የሚሠራው ለሕያዋን ነው» ብሎ መለሰላት።

ክፍሉ ሳቀ። ጽናት በራሷ መንገድ ስፋቱን አንድ ሜትር ከሰባ አድርጋ ነድፋ መጣች፤ እሱም መመሪያ አልተከተለችም ብሎ የምዘና ቅጿ ላይ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚለውን ሞላባት። የአንድ ሜትሩ ንድፍ ላይ ፈረመ። ድልድዩ ከክረምቱ በፊት ተሠራ። በግራና በቀኝ ያለውን መደገፊያ ብረት የበየድኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ብየዳ ነበር፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ነሐሴ ላይ የጽናት አያት እማማ ተሾመች አረፉ። ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ወዲያ ነው። እኔና ወንዳፈራሁ ለቀብር ሄድን። ጉልበቱ እያመመውም ቢሆን ተራ ተቀብሎ የቃሬዛውን የፊት ግራ ያዘ። እኔ ከኋላው ነበርኩ።

ድልድዩ ጋ ደረስን። ቃሬዛውን ዝቅ አድርገን ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ቢይዘው ያልፍ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር አስከሬን ከትከሻ ወርዶ እንደ ጆንያ በእጅ አይንጠለጠልም፤ ነውር ነው። ተሸካሚዎቹ ከድሮም በለመዱት መንገድ ወደ ወንዙ ታጠፉ። ቄሶቹና ሴቶቹ በድልድዩ ሄዱ፣ እኛ ከሥራቸው ደፍራሽ ውኃ ውስጥ እስከ ወገባችን ገባን። መሐል ላይ የወንዳፈራሁ ጉልበት ከዳው። ቃሬዛው ወደ እሱ አዘነበለ፤ እማማ ተሾመች የተሸፈኑበት ጋቢ ጫፉ ረጠበ። ይታየው የሚባል ጎረቤታቸው ደርሶ ሸክሙን ተቀበለው። ቀና ስል ጽናት የእኔን ብረት ተደግፋ ከላይ ታየናለች።

ከቀብሩ በኋላ ይታየው፣ ሊያጽናናው ብሎ ይመስለኛል፣ ድልድዩ ለበግ እጅግ ተስማሚ መሆኑን ለወንዳፈራሁ ነገረው። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዲናችን ፍሬው ፊቱ በርቶ ቢሮአችን ገባ። ፍሬው ራሱ የወንዳፈራሁ የቀድሞ ሠልጣኝ ነው። ያው ንድፍ በሌሎች ሦስት ወንዞች ላይ እንዲሠራ ተመርጧል፤ የቀረው የመምህሩ ፊርማ ብቻ ነው። ወንዳፈራሁ ንድፉ ስህተት መሆኑን ነገረው። ፍሬው አዳመጠና፣ ድልድዩ አልወደቀም፣ የከሰሰ ሰውም የለም፣ ይህን ከጻፍን ከእንግዲህ ለኮሌጁ ሥራ የሚሰጠው አይኖርም፣ ሠልጣኞቹም የተግባር ሥራ ያጣሉ አለ። ያለው ሁሉ ውሸት አልነበረም። ምን ትላለህ በሚል ዓይን እኔን አየኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ፈርቼም ነበር።

«ጋሼ፣ ይፈርሙና ይገላገሉ» አለው ፍሬው።

ወንዳፈራሁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ዓርብ በመጨረሻው ሰዓት እኔንም ይዞኝ ክፍል ገባ። ንድፉን ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። ቦታውን ሳያይ እንዳስነደፈ፣ ጽናት እንደጠየቀችው፣ ምን ብሎ እንደመለሰላት፣ ወንዙ ውስጥ የሆነውን ጭምር አንድ በአንድ ተናገረ። ድምፁ አልጋ ላይ የሰነበተ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ የምዘና ቅጽ አወጣ። የተመዛኝ ስም በሚለው ቦታ ላይ የራሱን ስም ጽፎበታል። የጽናትን የአምና ውጤት ማስተካከሉን ነገራትና ቅጹን ሰጣት፤ መዛኟ አንቺ ነሽ አላት።

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ታዝንለታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔ ብሆን አዝንለት ነበር። እሷ እስክሪብቶዋን አውጥታ ሞላች፣ ፈረመች፣ መለሰችለት። ወንዳፈራሁ አንብቦ አንገቱን ነቀነቀና ንድፉ ስህተት መሆኑን ከጻፍኩበት ደብዳቤ ጋር እንዲላክ ኮፒ አስነሳልኝ ብሎ ሰጠኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። ምክንያት በሚለው ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ የጻፈችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ያውቁ ነበር።»

እኔም አውቅ ነበር። ያንን ብረት ስበይድ ክፍተቱን በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ፤ ድልድዩ ሳይሠራ በፊትም በዚያ ወንዝ በኩል ከሁለት ሦስት ሰው በላይ በቃሬዛ ተሸክሜያለሁ። የባለ ሱቁን እስክሪብቶ ተቀበልኩና፣ የተመዛኝ ስም በሚለው ቦታ ከወንዳፈራሁ ስም ሥር የእኔን ጻፍኩበት።