የአባባ ባልጩት

አባባ፣ እሳት የሚያቀጣጥሉት ከጣሳዎ ባልጩት አውጥተው በብረት እየመቱ ነበር። ብልጭታው የተባዘተው ጥጥ ላይ ሲያርፍ እፍ እያሉ ደረቅ የጥድ ቅርፊት ያጎርሱታል። ክብሪት ብናቀብልዎ ይስቃሉ፤ ፌስታል ይዞ የመጣ ግን ወዮለት! «እሳት እንግዳ ነው፤ በቆሻሻ አይጠራም» ይሉ ነበር።

በሠልስትዎ ማግስት ልጅዎ፣ ያ አጎቴ፣ የልደታውን ክፍልዎን ለተከራይ አስጠረገ። ባልጩቱ ከነጣሳው ቆሻሻ ገንዳ ገባ። ስጮህበት «ድንጋይ እኮ ነው፤ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። አሁን ደጃፍዎ ላይ የማላውቀው ሰው ጫማ ተቀምጧል።

ትናንት አርባዎ ነበር። የድግሱን እንጨት በፌስታል ለኮሱት። አጎቴ አጠገቡ ቆሞ ዓይኑን ሲጠርግ ያዩት ጎረቤቶች «አይዞህ፣ አባት አይጠገብም» እያሉ አቀፉት።

ከጭሱ ነው፣ አባባ።