ሳጂዳ ያልጾመችው ጾም

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጠው አሪፋ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ኡበይድና ሳጂዳ። ኡበይድ ሳቂታ ነው፣ ሲበላ ያየውን ሁሉ የሚያስርብ። ሳጂዳም በልጅነቷ ደልደል ያለች፣ ጉንጯን ሳይቆነጥጥ የሚያልፍ ሰው ያልነበራት ልጅ ነበረች። ነበረች ነው እንግዲህ።

ነገሩ የጀመረው የለውጡ ሰሞን ነው። ሬዲዮው ሁሉ "ለውጥ፣ ለውጥ" ሲል፣ በሳጂዳም ላይ የራሷ ለውጥ መጥቶባት ነበር፤ ደረቷ ሞላ፣ ዳሌዋ ሰፋ። አንድ ሰርግ ላይ አክስቷ መስኡዳ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ወገቧን በሁለት እጇ ያዝ አድርጋ ለካችው።

"ማሽአላህ! ይቺማ ደርሳለች። አንቺ አሪፋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? በጨው አሽተሽ ልታቆዪያት ነው?"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሳጂዳም አብራ ሳቀች። የቀረበላትን ሳህን ግን ሳትነካው መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ገላዋ የራሷ አልመስላት አለ። የሚለካ፣ የሚሰጥ፣ ሰው የሚነጋገርበት ዕቃ ሆነባት። ባነሰች ቁጥር ከሰው ዓይን የምትወጣ መሰላት። መጀመሪያ እሷ እህሉን እምቢ አለችው፤ ቆይቶ እህሉ እሷን እምቢ አላት። እጇ ገበታው ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ የጎረሰችውንም ደብቃ ትተፋዋለች።

"ብይ እንጂ ልጄ! ምነው፣ እጄ መረረሽ?" ትላለች አሪፋ።

"ጾም ነኝ፣ እማ።"

በዚህች ቃል ነው የተደበቀችው። እዚያ ሰፈር ጾመኛን ብላ ብሎ የሚለምን የለም። ሰኞና ሐሙስ ሱና፣ የውዴታ ጾም ነው፤ በቀረው ቀን ደግሞ ያለፈኝን ረመዳን እየከፈልኩ ነው ትላለች። አመሻሽ ላይ አዛን ሲል በተምርና በውሃ ታፈጥርና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ" ብላ መጽሐፏን ይዛ ጥግ ትይዛለች። አጥንቷ እየወጣ በሄደ ቁጥር ሰፈሩ "ፊቷ ላይ የአላህ ኑር በራ" ይል ጀመር።

መጻሕፍቱን የሚያውሷት ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ አምሳሉ ናቸው። ከቆሙት የግድግዳ ሰዓቶች ሥር አንድ መደርደሪያ ሙሉ ልብ ወለድ አላቸው፤ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ ያውሳሉ፣ ሲመለስላቸው ደግሞ ገጽ በገጽ ይመረምራሉ።

"ሌላው ሰው የሚመልስልኝ ወጥ ወጥ እየሸተተ ነው" አሏት አንድ ቀን። "በርበሬ ያላረፈበት ገጽ የለም። ያንቺው ብቻ እንደሄደ ይመለሳል። እኔ እንጃ፣ አንድ ቀን የዘይት ጠብታ ባገኝበት በግ አርድልሽ ነበር!"

"ለጸበል ጸዲቅዎ ያቆዩት፣ ጋሽዬ" ብላ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ሰው ሲያነብ ገላ የለውም። ይህን ያወቀችው እዚያ ጥግ ነው። ገጹ ውስጥ ከገባች ወገብ የላትም፣ ክንድ የላትም፤ ዓይን ብቻ ናት። ቀኑን ሙሉ በውስጧ "አትብይ" የሚላት ድምፅም ሌላ ሰው ሲያወራ እንደሚያፍር እንግዳ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ እንዲያውም፣ የታሪኩ ሰዎች ገበታ ሲቀርቡ፣ ሳታውቀው ከአጠገቧ ያለውን ዳቦ ቆርሳ ታገኘዋለች። ያቺው ቁራሽ ነበረች ከሞት የምታቆያት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኡበይድ ከዘመቱት ጋር ሄደ። በሄደ ማግስት፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ አሪፋ ልጇ እግር ሥር ተቀመጠች።

"ጾመኛ ሲያፈጥር የሚያደርገውን ዱዓ አላህ ይቀበላል። አንቺ ደግሞ ጾመሽ የማትጠግቢ ነሽ። ወንድምሽን ለምኚልኝ።"

በየቀኑ እንዲያ ሆነ። ቆይቶ ጎረቤቶቹም መጡ። የማርያም ማኅበሯን የማታስታጉለው ጸዳለ ሳትቀር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከሙስሊሞቹ ሴቶች መሃል እየተቀመጠች፣ "የኔንም ልጅ ስም ጥሪልኝ፣ አያሌው በይልኝ" ትላታለች።

ሳጂዳ እጇን ታነሳለች። የምትለው ግን የላትም። ላልጾመችው ጾም ምን ብላ ትለምናለች? በከንፈሯ ያነበበችውን ታነበንባለች፤ የአንዱን ታሪክ ስንብት፣ የሌላውን ናፍቆት። አንዳንዴ ራሷ የገጠመችውን በሹክሹክታ ታዜማለች፦

ካምባሰል አፋፍ ላይ ሐይቁ ወለል ይላል፤
የሄደው ወንድሜ ከየት ሆኖ ያያል?

ሴቶቹ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እያዩ "አሚን፣ አሚን" ይላሉ።

አንድ ቀን ሞከረች። "እማ፣ ይሄ ጾሜ እኮ..."

"ዝም!" አለች አሪፋ አፏን በመዳፏ ይዛ። "ሰው ስለ ጾሙ ካወራ ምንዳው ይጠፋል። ወንድምሽን ልታሳጪኝ ነው?"

በዚያው ሰሞን ጦርነቱ ከተማው ገባ። ጋሽ አምሳሉ ተሰደዱ። የታጠቁ ሰዎች ሱቃቸውን ሰብረው መጻሕፍቱን ድስት ሥር ማገዷቸው። ሳጂዳ በአጥር ቀዳዳ አየች፤ እሷ ጣቷን አርጥባ እንኳ ያልገለጠችው ገጽ እየተጨማደደ ሲነድ። እህል ከየቤቱ ጠፋ፣ ሰው ሁሉ ከሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው የማትለይ ሆነች። ማንም አላያትም። ይህን ነበር የተመኘችው፤ ሲደርስላት ግን ጥግ ይዛ የምታነበው አንድ ቅጠል አልነበራትም።

ከተማው ነጻ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ ከኡበይድ ጋር የዘመተው እንድሪስ እያነከሰ መጣ። ገና ከበር ላይ ሳለ አሪፋ ፊቱን አይታ ወደቀች።

ሐሙስ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የኡበይድን መርዶ የሰማው ሁሉ ግቢውን ሞላው። መስኡዳ አሪፋን ደግፋ፣ "አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ" ትላለች። "ሸሂድ ነው የሆነው፣ ጀነት ነው የገባው። የዚች ልጅ ዱዓ ነው ለዚያ ያበቃው።"

አሪፋ ቀና አለች። የሳጂዳን እጅ ፈልጋ ያዘች፣ መዳፏን ገልብጣ ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

ሳጂዳ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ለለቀስተኛ ከቀረበው ንፍሮ ዘግና አፏ ውስጥ ከተተች። እያኘከች ቀረች። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

"ዛሬ ሐሙስ አይደል?" አለች አሪፋ።

"ነው።"

"ጾም አይደለሽም?"

"አይደለሁም፣ እማ። ያኔም አልነበርኩም። እህል እምቢ ብሎኝ ነው። ታምሜ ነው።"

"ያን ሁሉ ምሽት በመግሪብ ሰዓት ምን ስትይ ነበር ታዲያ?"

"ያነበብኩትን።"

አሪፋ አልጮኸችም። እጇን ብቻ ለቀቀች፤ የተዋሰችውን ዕቃ እንደምትመልስ ሰው፣ ቀስ አድርጋ። "ልጄን በምን ላይ አስደግፌው ኖሯል?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ዞራም ፊቷን ወደ ግድግዳው አደረገች።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጸዳለ ብቻ ተነስታ ውሃ ቀዳች። የራሷ ልጅ፣ አያሌው፣ የት እንዳለ እስካሁን አልታወቀም። ኩባያውን ሳጂዳ ፊት አስቀመጠች።

"ጠጪበት" አለቻት፣ ዓይን ዓይኗን ሳታይ። "እንዳያንቅሽ።"

ሳጂዳ ዋጠች። ጉሮሮዋን እየቧጠጠ ወረደ። እናቷ አልዞረችም። ሳጂዳ እንደገና ዘገነች።