በቀትር የጠራሁት ስም

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። «ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው» እያልኩ ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ አስተምሬያለሁ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ግን ከጀሪካን የሚበልጥ ውሃ አጠገብ ቆሜ አላውቅም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ሰቆጣ ተወልጄ ሰቆጣ ያደግሁ ሰው ነኝ። ገደል አልፈራም፤ ገደል ጫፍ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ ቆሎ እበላለሁ። ውሃ ግን፣ በተለይ ሥሩ የማይታይ ውሃ፣ ገና በሥዕል ሳየው ገጹን እገለብጣለሁ።

ወንድሜ ሲሼልስ በምትባለው የደሴቶች አገር አንድ ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ይሠራል። አምና በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቶ ሰው ወጣ ገባ ማለት ሲጀምር፣ የዚያን አገር ልጅ አግብቶ ሊያሳየን ይዟት መጣ። አገሯን ለእናቴ ላሳያት ብዬ ካርታ ዘርግቼ ጣቴን ባስቀምጥ፣ አገሯ በሙሉ ጣቴ ሥር ገብታ ጠፋች። እናቴ ጣቴን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅቷ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ ነበረች። ከቤተሰቡ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ከጧት እስከ ማታ እኔ ላይ ተለጠፈች። ስልኳን ከፍታ የአገሯን ጉድ ታሳየኛለች። ነጭ አሸዋ ላይ የተጋደሙ ለስላሳ ግራጫ ቋጥኞች፣ በርሜል የሚያህሉ ኤሊዎች፣ ከበግ ጠቦት የሚከብድ ፍሬ የሚያፈራ የዘንባባ ደን፣ ከላይ ሆነው ሲያዩት ቀይና ቢጫ አሳ ሲርመሰመስ የሚታይበት ጥርት ያለ ባሕር። አንዱ ሥዕል ላይ ጭጋግ የለበሰ ተራራ ነበረ።

«እዚህ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው ደሴቷን በሙሉ ያያል ይባላል» አለችኝ።

«ይባላል? አንቺ አላየሽም?»

«ከፍታ እፈራለሁ» አለችና አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ተራራ የሚፈራ ሰው ተራራማው ዋግ ድረስ አግብቶ ማምጣት!

እናቴ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ታዲያ መሬቱ የታለ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ቤት ምራት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። ለታላቅ ወንድሜ ሚስት እናቴ ስም ያወጣችላት ገና በሩን እንዳለፈች ነው። ለዚችኛዋ ግን ቀን አልፎ ቀን ቢተካም ምንም አላለችም። ልጅቷ ባህሉን ከባሏ ሰምታለች፤ በየጧቱ ቁርስ ላይ የእናቴን አፍ አፍ ታያለች። አንድ ቀን እናቴን ለብቻዋ አግኝቼ ጠየቅኋት።

«ስም የማወጣው ለምትቀር ሰው ነው» አለችኝ። «ይቺ የውሃ ልጅ ናት፤ ነገ ልጄን ይዛ ወደ ውሃዋ ትመለሳለች። ስም ካወጣሁላት በቃ ልጄን መርቄ ሰጠሁ ማለት ነው።»

ይህን ለልጅቷ አልተረጎምኩላትም። አሳዘነችኝና፣ ቢያንስ የሚናፍቃትን ነገር ላሳያት ብዬ ተከዜ ሐይቅ እንሂድ አልኳት። ወንድሜም አብሮን ሊሄድ ነበር። ግን ለዓመታት ሲያልመው የኖረውን ጥሬ ሥጋ ያለ ልክ በልቶ ሆዱን ታሞ ተኛ። ከአልጋው ሳይነሳ እጄን ያዘኝና «እህቴ፣ አደራ። ውሃ ካየች አያስችላትም። ዐይንሽን ከሷ ላይ እንዳታነሺ» አለኝ። ከሱ ይልቅ ያስፈራኝ እናቴ በር ላይ ጠብቃ ያለችኝ ነው።

«ቀትር ላይ ውሃ ዳር ስሟን እንዳትጠሪ።»

እኛ ዘንድ ቀትር ላይ ውሃ ዳር ሰው በስሙ አይጠራም። የሚሰማ አለ ይባላል። የሰማውን ስም ይይዝና ባለቤቱን እስኪያገኝ ይፈልጋል። እናቴ ልጅ ሳለች አብራት ወንዝ የወረደች ጓደኛዋ በቀትር በስሟ ተጠርታ፣ ሳምንት ሳይሞላት በትኩሳት ሞታለች። ስለዚህ ውሃ ዳር «አንቺ» «አንተ» እየተባባልን ነው ያደግነው። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ ወባ በምን እንደምትተላለፍም አሳምሬ አውቃለሁ። ሆኖም በዕድሜዬ ሙሉ ውሃ ዳር የሰው ስም ጠርቼ አላውቅም ነበር።

በኮንትራት ሚኒባስ ከሰቆጣ ወደ ቆላዋ ከተማ ወደ ኒሯቅ ስንወርድ ፈሪዋ እሷ ነበረች። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ዐይኗን ጨፍና ክንዴን ትጨመድዳለች። እኔ ሸለቆውን እያሳየሁ «ተመልከቺ እንጂ፤ የኛ ባሕር ይኼ ነው» እያልኩ እስቅባታለሁ። ሾፌሩም አብሮኝ ይስቃል። ቆላው ሲጀምርና ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ነው ዐይኗን የገለጠችው። ከኒሯቅ አልፈን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ድንገት ውሃው ታየ። የኔም ሳቅ እዚያው አበቃ።

ከታች የተሠራው ግድብ የተከዜን ወንዝ ወደ ኋላ ገፍቶ ሸለቆውን በሙሉ ሞልቶታል። ድሮ ኮረብታ የነበረው ሁሉ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። እሷ ከመኪናው ወርዳ «ደሴት! ደሴት!» እያለች እየጮኸች ሮጠች። እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ፊቴ ተደርድሮ፣ እግሬ መሬቱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

ጀልባ ያላቸው አንድ ሽበታም አሳ አጥማጅ ነበሩ። ማሳቸው ውሃው ሥር ስለቀረ አሳ ማጥመድ የለመዱት በስተርጅና መሆኑን እየሳቁ ነገሩን። «አባቴ፣ በእመቤቴ ቀስ ብለው ይውሰዱን» አልኳቸው። እሳቸው የሰጡኝን የመንሳፈፊያ ጃኬት አንገቴ ድረስ ቆልፌ፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ አንቄ ተቀመጥኩ። እሷ ጃኬቱን አልፈልግም አለች። መቅዘፊያው በተሳበ ቁጥር እንጨቱ ሲጥ ይላል። ወደ ታች አየሁ፤ ምንም አይታይም። ከበታቻችን የሰው ማሳ፣ የሰው አጥር፣ ምናልባትም የሰው ቤት እንዳለ ሳስብ ዐይኔን ጨፈንኩ። ለሚካኤል፣ ለገብርኤል፣ ለማውቃቸው ታቦታት ሁሉ ተሳልኩ።

ፀሐይ አናታችን ላይ ደርሳለች። እሷ ብድግ አለች። ጀልባው ዘነበለ፣ እኔ ጮህኩ፣ እሷ ግን ልብሷን እንደለበሰች ዘላ ገባች። ሽማግሌው «ኧረ ልጄ!» ሲሉ ውሃው ገና ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ብቅ ብላ ሳቀች፤ ወደ አንዷ ደሴት ጠቆመችንና መዋኘት ጀመረች።

ሽማግሌው አልሳቁም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ደሴቷን አዩ። «እዚያ ድንጋይ ላይ አዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ይሞቃል። ጥሪያት! ቶሎ ጥሪያት!» አሉና መቅዘፊያውን ጨበጡ።

እኔም አየሁት። ውሃው ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱ ድንጋይ አልነበረም። ረጅምና ጭቃ የመሰለ ነው፤ አይንቀሳቀስም። እሷ ቀጥ ብላ ወደሱ ትሄዳለች።

«አንቺ!» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ! አንቺ ልጅ!»

ሽማግሌውም «አንቺ! ኧረ አንቺ!» እያሉ ይጮሃሉ። እሷ ዘወር ብላ እጇን አውለበለበችልንና ቀጠለች። አንቺ ማለት እሷ መሆኗን በምን ታውቃለች? ከቋንቋችን የያዘችው «አመሰግናለሁ»ንና «በቃኝ»ን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛም «ተመለሺ» ብዬ ጮኼያለሁ፤ ግን ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየወጣ ምኑን ትስማው። ሽማግሌው በኃይል ሲቀዝፉ ስታይ ጭራሽ እሽቅድምድም መሰላት። እኛ በቀረብን ቁጥር እየሳቀች ትፈጥናለች። እኛ በደከምን ቁጥር ቆም ብላ ትጠብቀንና እንደገና ትዋኛለች።

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። ሽማግሌውም ስሟን ያውቃሉ፤ ስትተዋወቃቸው ነግራቸዋለች። ዐይን ለዐይን ተያየን፤ ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር መሆኑን ፊታቸው ላይ አነበብኩ። በስሟ ጥሪያትም አትጥሪያትም ሳይሉ ወደ ቀዘፋቸው አቀረቀሩ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ከፊት አዞው፣ ከኋላ የእናቴ ቃል፣ በመሃል የወንድሜ አደራ።

ከድንጋዮቹ መሃል ያ ረጅሙ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ውሃው ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ ጠራኋት። ስሟን፣ ሙሉ ስሟን፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ እያለቀስኩ። ሸለቆው ተቀበለኝና ደግሞ ደጋግሞ ጠራት። እሷም ቆመች። ሰው ከጩኸት ሁሉ መሃል ስሙን ይለያል መሰለኝ። ፊቴን አየች፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ወደ ጀልባው ስትመለስ ውሃውን እንዴት እንደቀደደችው አሁንም ይገርመኛል። እኔና ሽማግሌው ብብቷን ይዘን ስንጎትታት ጀልባው ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። እግሯ ጀልባ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ቀድሞ የነበረችበት ቦታ ላይ ሁለት ዐይኖች ብቅ አሉ። ቆይተው አዩንና ጠለቁ። አቀፈችኝ፤ እኔም አጥብቄ ያዝኳት።

ሽማግሌው አማተቡ። «እግዜር ይመስገን፣ ተረፈች» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻ በቀትር ነው የጠራሻት» አሉኝ።

ወደ ሰቆጣ ስንመለስ ገደሉን እሷም አልፈራች፣ እኔም አልሳቅሁባት። የአዞውን ነገር ለወንድሜ እሷው ነገረችው፤ እሱም ገረጣ፣ ተቆጣ፣ አቀፋት። ለእናቴ ግን ስለ ስሙ ምንም ሳልናገር ቀረሁ። ልጅቷ ባሳለች ቁጥር እደነግጣለሁ። እንቅልፍ ባበዛች ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ። ሳምንት አልፎ ጥቂት እንደቆየ እውነትም አተኮሳት። ጤና ጣቢያ ወስደን ደሟ ሲመረመር ወባ ተባለ። ቆላ ወርዳለች፣ ትንኝ ነክሷታል፣ ኪኒን ተሰጥቷታል፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነው። ግን አልጋዋ ላይ ስትንዘፈዘፍ ሳያት ዕውቀቴ በሙሉ ጥሎኝ ሄደ። የታየኝ የእናቴ ጓደኛ ናት፤ ያቺ ፊቷን እንኳ የማላውቃት ልጅ።

እናቴ ደጅ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰፌዱን አስቀመጠች። በአፍ መፍቻዋ በኽምጣንኛ ተቆጣችኝ፤ እናቴ የምር ስትፈራ አማርኛው ይጠፋባታል። ስትጨርስ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳችና ልጅቷ የተኛችበት ክፍል ገባች። ወንድሜ ወንበር ሊያቀርብላት ቢነሳ በእጇ ገፋችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የልጅቷን ላብ በነጠላዋ ጠረገችላት።

ከዚያ ስም አወጣችላት። ጮክ ብላ፣ ደጁም ጎረቤቱም እስኪሰማ። ቀጥላ ፊቷን ወደ ቆላው በኩል አዞረች።

«ያ የሰማኸው ስም እዚህ የለም። እንዲያ የምትባል ሰው እኛ ቤት የለችም። ይቺ የኔ ልጅ ናት» አለች።

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቷ በትኩሳቱ መሃል ዐይኗን ገልጣ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ። አዲሱን ስሟን ብቻ ደገምኩላት። ገባት።

ዳነች። ኪኒኑ ነው ያዳናት፤ ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የድሮ ስሟን ግን እዚህ አልጽፈውም። አዲሱንም አልጽፈውም።

አሁን አገሯ ናት። ያንን ጭጋጋም ተራራ ወንድሜ እጇን ይዞ አውጥቷት፣ ደሴቷን በሙሉ ከላይ አይታ፣ ሥዕሉን ልካልናለች። እናቴ የምትደውልላት ሲመሽ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ልጅቷ ራሷ በቀትር ደወለች። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተችና ቆመች። ከስልኩ ውስጥ የሚመጣው የማዕበል ድምፅ ለኔም ይሰማኛል። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አንቺ!» አለች በቀስታ።

«አቤት፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።