ባርኔጣ የለመደ እጅ

ሌስተር ፕሪቸት ዳንበሪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በሚገኝ የባርኔጣ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሲለካ ኖሮ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጥንቸሎች ጠባቂ ሆነ። ሥራው መመገብና ማጽዳት ብቻ ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንዲሉ ግን፣ ጭድ ሊጨምር ገብቶ የእያንዳንዱን ጥንቸል ግንባር ሳይዳብስ አይወጣም። ክፍሉ ይሞቃል፤ ማራገቢያው ያንጎራጉራል። ዓይኑን ከድኖ ሲዳብስ አጥንቱ ከመዳፉ ሥር እንደ ሊጥ ቀስ ብሎ ኩፍ ሲል ይሰማዋል። ይህን ለማንም አይናገርም፤ አብዷል ይሉታላ።

የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች የግማሾቹን ግልገሎች ራስ ቅል፣ አጥንቶቹ ከሚገጥሙበት ላይ፣ በአንድ ወገን ብቻ በቀጭን ብረትና በብሎን አስረዋል። ስብራት የሚጠገንበት ዓይነት ብረት ነው፤ የአጥንቱን እድገት ይገታ እንደሆነ ሊያዩ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ብረት ያለበት ወገን ወደ ኋላ መቅረቱን የሌስተር ጣት አወቀ። ራጁ ያንኑ እስኪናገር ሌላ ወር ፈጀ።

ሌስተርን እንቅልፍ የነሳው ግን የጥንቸል ነገር አልነበረም። የሴት ልጁ የዶሪን ልጅ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ማቤል፣ በመኪና አደጋ ግንባሯ ተሰብሮ እንደዚያው ዓይነት ብረት ገብቶላታል። ስትድን ይወጣል ተብሎ ነበር። ዶሪን ቀጠሮውን ሦስት ጊዜ አሳለፈችው።

"ድናለች እኮ፣ አባዬ! ደግመው ሲቀዷት ቆሜ አላይም።"

"የሰፋሁላት ባርኔጣ ወደ አንድ ጎን እየሄደ ነው እያልኩሽ!"

"ራስህ አጣመህ ሰፍተኸው ይሆናላ!"

ይህቺ ነገር ሌስተርን ከነከነችው። በዕድሜው አንድም ባርኔጣ አጣሞ አያውቅም።

እሁድ ዕለት ከሐኪሞቹ አንዱን አስፈቅዶ ዶሪንን ከነልጇ ጥንቸሎቹ ዘንድ ወሰዳት። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ግልገሎች አወጣ፤ አንዱ ብረት አለው፣ አንዱ የለውም።

"ዓይንሽን ጨፍኚና ዳብሺ።"

የመጀመሪያውን ዳበሰች። ብረት ያለበት ሁለተኛው ላይ ጣቷ መሐል ሲደርስ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ማራገቢያው ያንጎራጉራል። ከዚያ ዶሪን ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ከጥንቸሉ አነሳችና ጭኗ ላይ ባንቀላፋችው ልጇ ግንባር ላይ አሳረፈችው።

ሌስተር ፊቱን አዞረ። ልክ መሆኑን የዚያን ቀን ጠላው።

"ባርኔጣው ደህና ነበር ለካ፣" አለች ዶሪን፣ ጣቷ እዚያው እንዳለ። "አባዬ፣ ነገ ሆስፒታሉን ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?"